ቃር ያዘኝ የሚል ሰው ሕመሙ የት ነው? ስለ ጨጓራ አሲድና ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ

ፈተና በተቃረበ ቁጥር በመኝታ ቤታችን የማይቀር አንድ ድምፅ አለ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፤ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ብርድ ልብሱን ሲከናነብ፤ ከአንዱ አልጋ ላይ ጉሮሮ መጥረግ ይጀመራል። ቀጥሎ ሰውዬው ተነሥቶ ይቀመጣል። ውሃ ይጠጣል። «ወይ ጨጓራዬ!» ይላል። ጥቂት ቈይቶ ከወዲያኛው ጥግ ሌላው «እኔንም አላስተኛኝም» ብሎ ይመልስለታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከነዚያ አንዱ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሕመሜን ጨጓራ እያልሁ ስጠራው፤ ሕመሙ ያለበት ቦታ ግን ጨጓራው ሳይሆን ከጨጓራው በላይ ያለው ቧንቧ ኖሯል። መድኃኒቱንም በትክክል የምወስድ መስሎኝ በተሳሳተ ሰዓት ስወስደው ከርሜአለሁ። ይኸንን የምጽፈው ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ ሐኪም ለመሆን ገና ብዙ ይቀረኛል። ነገር ግን ስሕተቱ የኔ ብቻ እንዳልሆነ በየአልጋው ሥር ባዶውን የወደቀው የካፕሱል ማሸጊያ ስለሚመሰክር፤ የተማርሁትን ለጓደኞቼ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የስሙን ነገር እናጥራ። እኛ አገር ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ «ጨጓራ» ነው። ቁስል ያለበትም፥ ሆዱ የተነፋበትም፥ ባዶ ሆዱን ቡና ጠጥቶ ያቅለሸለሸውም፥ በንዴት የታመመውም ሁሉም «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። እንዲያውም አናዳጅ ሰው «ጨጓራዬን ላጠው» ይባላል። አንድ ስም ለአምስት በሽታ ሲሆን ደግሞ አንድ መድኃኒት ለአምስቱም መታዘዙ አይቀርም፤ ከጓደኛ ኪስ ወጥቶ የሚታደለው ካፕሱል እንዲህ ያለ ነው። አማርኛችን ግን ለዚህ ለያዝነው ጉዳይ ሌላ ጥሩ ቃል አለው፤ እርሱም «ቃር» ነው። ከደረት አጥንት በስተኋላ ተነሥቶ እያቃጠለ ወደ ጉሮሮ የሚወጣው፥ አንዳንድ ጊዜም ኮምጣጣ ወይም መራራ ውሃ አፍ ድረስ የሚያደርሰው ቃር ይባላል። እናቶቻችን ቃሩን ከቁርጠቱ ለይተው ያውቁ ነበር። እኛ የተማርነው ነን የደባለቅነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የጐለመሰ ሰው የምግብ ቧንቧ ርዝመቱ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከጉሮሮ ተነሥቶ በደረት ውስጥ ያልፍና፤ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ድያፍራም የተባለውን ጡንቻ በስቶ ከጨጓራ ጋር ይገናኛል። በመገናኛው ላይ ክብ የሆነ ጡንቻ አለ። የዚህ ጡንቻ ሥራ እንደ በር ዘበኛ ነው፤ ምግብ ሲመጣ ይከፍታል፤ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ድያፍራሙም ከውጭ እንደ መቀነት አጥብቆ ይረዳዋል።

ከዘበኛው በታች ያለው ጨጓራ በቀን አንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር የሚሆን ፈሳሽ ያመነጫል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሲድ በኬሚስትሪ ክፍል በጠርሙስ የምናየው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ይኸንን በ1824 ያስታወቀው ዊልያም ፕራውት የተባለ የሎንዶን ሐኪም ነው። ጨጓራው በገዛ አሲዱ የማይቃጠለው የውስጥ ግድግዳው በወፍራም ልጋግ የተለበጠ፥ ከልጋጉም ሥር አሲድን የሚያከሽፍ ባይካርቦኔት የሚያመነጭ ስለ ሆነ ነው። የምግብ ቧንቧው ግን ይህ ልብስ የለውም። ለእንጀራና ለውሃ ማለፊያ የተሠራ እንጂ ለአሲድ ማደሪያ አይደለም። ስለዚህ ዘበኛው ሲያንቀላፋ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣና የቧንቧውን ግድግዳ ይለበልበዋል። ይህ አንድ ቀን ሲሆን ቃር ነው፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ግድግዳው ይቆጣል፥ ይላጣል፥ ይቆስላል። ሐኪሞች የምግብ ቧንቧ መቆጣት የሚሉት ይህ ነው።

ጨጓራ ውስጥ የሚደረገውን ሰው በዓይኑ ያየበትን ታሪክ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቈጨኛል። በ1822 በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል የቈዳ ነጋዴዎች ቅጥር ወጣት በቅርብ ርቀት በጥይት ተመታ። ዊልያም ቦሞንት የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም አዳነው፤ ነገር ግን ቁስሉ ሲሽር ከጨጓራው ወደ ውጭ የወጣ ቀዳዳ ሳይዘጋ ቀረ። ሐኪሙም ሥጋና አትክልት በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው እየሰደደ፤ በየሰዓቱ እያወጣ መመልከት ጀመረ። ፈሳሹንም ቀድቶ በብርጭቆ ውስጥ ምግብ እንዲፈጭ አደረገው። የደረሰበትን ሁሉ በ1833 በመጽሐፍ አሳተመ። ምስኪኑ ሴንት ማርቲን ግን የሰው ቤተ ሙከራ መሆኑን አልወደደውም፤ ጥሎ እየሄደ፥ ገንዘብ ሲቸግረው እየተመለሰ ኖረ። ያም ሆኖ ከሐኪሙ ይልቅ ዕድሜ አግኝቶ እስከ 1880 ቈይቷል።

ዘበኛው ለምን ያንቀላፋል? ጨጓራ ከመጠን በላይ ሲሞላና ሲነፋ ጡንቻው ሳይዋጥ በራሱ ለጥቂት ሴኮንድ ይላላል፤ አብዛኛው ቃር የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ውፍረት ሆድን ከታች ወደ ላይ ይገፋል። እርግዝናም እንዲሁ ነው፤ በተጨማሪም በእርግዝና ጊዜ የሚበዛው ሆርሞን ጡንቻውን ያላላዋል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር በቃር ብትሠቃይ የሕፃኑ ጠጉር በዝቶ አይደለም። ሲጋራና አልኮልም ጡንቻውን ያዳክማሉ። በአንዳንድ ሰው ደግሞ የጨጓራው ጫፍ በድያፍራሙ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ይወጣል፤ ያን ጊዜ በሩና መቀነቱ ይለያያሉ።

በርበሬን ሁሉም ይከሰዋል። እኔ ግን ፍርዱ የቸኰለ ይመስለኛል። በርበሬ የተላጠ ቧንቧ ላይ ሲያልፍ ማቃጠሉ እውነት ነው፤ ቁስል ላይ ምን የማያቃጥል አለ? ነገር ግን ለሁሉ ሰው እኩል አይደለም። ጐረቤቴ በሚጥሚጣ ጥሬ ሥጋ በልቶ በሰላም ሲያድር እኔን አንድ ሲኒ ቡና ያስነሣኛል። በአሁኑ ጊዜ ሐኪሞች የሚመክሩት እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጠላት ለይቶ እንዲተው እንጂ ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር እንዲተው አይደለም። ይልቅስ የኛ የተማሪዎች ትልቁ በደል ሰዓቱ ነው። እራት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተበልቶ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከበር ውጭ ሳምቡሳና ሻይ ይደገምና፤ ወዲያው ደብተር ደረት ላይ አድርጎ በጀርባ መጋደም። የሞላ ገንቦ ክዳኑ ላልቶ ሲጋደም ምን ይሆናል?

የዚህ በሽታ መታወቅ ከሚገመተው በላይ አዲስ ነው። የምግብ ቧንቧ በጨጓራ አሲድ ሊቈጣ እንደሚችል አሸር ዊንክልስታይን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በጽሑፍ ያስታወቀው በ1935 ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ለረጅም ጊዜ መድኃኒቱ ወተት ነበር። በርትራም ሲፒ የተባለ የቺካጎ ሐኪም በ1915 ባወጣው ሥርዐት የጨጓራ ቁስለኛ በየሰዓቱ ወተትና ክሬም ከአልካሊ ዱቄት ጋር እንዲጠጣ ይታዘዝ ነበር። ዛሬም ቤተሰቦቻችን ወተት ይሰጡናል። ወተት ለጊዜው ያበርዳል፤ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ካልሲየምና ፕሮቲን ጨጓራውን ቀስቅሶ ተጨማሪ አሲድ ያስመነጨዋል። ተልባና አብሽም ማለስለሳቸውን የሚመሰክር ብዙ ነው፤ እኔም ጠጥቼአለሁ፥ አልከሳቸውም። ግን አሲዱን የሚቀዳውን መሣሪያ አያቆሙትም።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት አሲዱን የሚያከሽፉት ናቸው፤ እነ ማግኒዝየም ሃይድሮክሳይድ፥ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ፥ ማግኒዝየም ትራይሲሊኬት። እነዚህ የሚታኘኩና ነጭ ፈሳሽ የሆኑት ናቸው። የወጣውን አሲድ በጥቂት ደቂቃ ያረክሱታል፤ አዲስ የሚመጣውን ግን አይከለክሉም። ማግኒዝየሙ ያስቀምጣል፥ አልሙኒየሙ ያደርቃል፤ ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ሁለቱን ያጣምሯቸዋል። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ቃር በቂ ናቸው። ቁስል ላለበት ግን የሚፈስ ቧንቧ ሳይዘጉ ወለል እንደ መወልወል ነው።

ቧንቧውን ለመዝጋት የመጀመሪያው የተሳካለት ጄምስ ብላክ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ነው። አሲድ አመንጪዎቹን ሕዋሳት «ሥሩ» ብለው የሚያዝዙ ሦስት መልእክተኞች አሉ፤ አንዱ ከነርቭ የሚመጣ አሴቲልኮሊን፥ ሁለተኛው በደም የሚመጣ ጋስትሪን፥ ሦስተኛው ሂስታሚን። ብላክና ጓደኞቹ የሂስታሚንን መቀበያ የሚደፍን መድኃኒት ፈልገው ሲሜቲዲንን አገኙ፤ በ1976 በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ ዋለ። ብላክ በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆነ። ከሲሜቲዲን በኋላ ራኒቲዲን መጣ፤ ብዙዎቻችን በቤታችን መሳቢያ ውስጥ የምናውቀው ነው። በኤፕሪል 2020 ግን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፤ ራኒቲዲን በመጋዘን ሲቈይና ሲሞቅ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. የተባለ ለካንሰር የሚያሠጋ ነገር እየጨመረ እንደሚሄድበት በመረዳቱ ከገበያ እንዲነሣ ጠየቀ። ከዚሁ ወገን የሆነው ፋሞቲዲን ግን ይህ ነቀፋ የለበትም፤ ዛሬም ያገለግላል። የዚህ ወገን መድኃኒት ጉድለቱ ሦስቱን መልእክተኞች ሁሉ ሳይሆን አንዱን ብቻ መከልከሉ፤ እንዲሁም በየቀኑ ሲወሰድ በሳምንታት ውስጥ ሰውነት እየለመደው ኀይሉ መቀነሱ ነው።

እንግዲህ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲህ አሰቡ፤ መልእክተኞቹን አንድ በአንድ ከመከልከል ይልቅ የሦስቱም ትእዛዝ የሚፈጸምበትን ፓምፕ ራሱን ማቆም አይሻልም? በእያንዳንዱ አሲድ አመንጪ ሕዋስ ውስጥ ፖታሲየምን እያስገባ የአሲዱን ፕሮቶን ወደ ጨጓራው የሚረጭ ፓምፕ አለ። በስዊድን አገር ሄስለ በተባለው የአስትራ ቅርንጫፍ የሚሠሩ ሰዎች በ1979 ኦሜፕራዞልን ቀመሙ፤ በ1988 በሎሴክ ስም ገበያ ላይ ዋለ። በአሜሪካ ስሙ ላሲክስ ከሚባለው ሽንት ከሚያሸና መድኃኒት ጋር እየተደባለቀ ስላስቸገረ በ1990 ፕራይሎሴክ ተባለ። የመድኃኒት ባለሙያዎች የእጅ ጽሑፍ በዓለም ዙሪያ አንድ መሆኑን ከዚህ ተረድቼአለሁ። ዛሬ በኛ መድኃኒት ቤቶች በብዛት የሚሸጠው ባለ 20 ሚሊግራሙ ካፕሱል ይኸው ነው። ኢሶሜፕራዞል፥ ፓንቶፕራዞል፥ ላንሶፕራዞልና ራቤፕራዞል ወንድሞቹ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስሁ፤ አንባቢ ሌላውን ቢዘለው እንኳ ይኸንን እንዳይዘለው እለምናለሁ።

ኦሜፕራዞል ሲዋጥ ገና መድኃኒት አይደለም። በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች አሲድ እንዳያበላሻቸው የተለበጡ ናቸው፤ ጨጓራውን ሳይፈርሱ አልፈው በቀጭኑ አንጀት ይሟሟሉ። ስለዚህ ፍሬዎቹን ማኘክ ወይም መፍጨት መድኃኒቱን ማበላሸት ነው። ከአንጀት በደም ተጉዞ ወደ አሲድ አመንጪዎቹ ሕዋሳት ይደርሳል፤ እዚያ አሲድ ሲያገኝ ብቻ ይለወጥና ፓምፑን ለሁልጊዜው ይቈልፈዋል። ልብ በሉ፤ አሲድ የሚረጨው በሥራ ላይ ያለ ፓምፕ ብቻ ነው። የተኛ ፓምፕ አይቈለፍም። ፓምፖቹ ደግሞ በብዛት የሚነቁት ሰው ሲበላ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቈየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፤ ፓምፖቹ በሚነቁበት ሰዓት በደም ውስጥ መገኘት አለበት። ስለዚህ ካፕሱሉ የሚዋጠው ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በቀን አንድ ከሆነ ከቁርስ በፊት፥ ከዚያም ቁርሱን በእርግጥ መብላት።

እኔስ ምን አደርግ ነበር? ማታ እራቴን በልቼ፥ ሳምቡሳዬን ደግሜ፥ ልተኛ ስል ዋጥ አደርግ ነበር። መድኃኒቱ ሲደርስ ፓምፖቹ ሥራቸውን ጨርሰው ተኝተዋል። እርሱም የሚቈልፈው አጥቶ በጉበት ተሰባብሮ ይወጣል። በማግሥቱ «ይህ መድኃኒት አይረባም» እላለሁ። ከሸጠልኝ ሰው ስለ ሰዓቱ አንድ ቃል አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መብት እንደሌለው ሰው ብሬን ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ መቸኰል ነበር። በመጀመሪያው ቀን የሚቈለፉት ከፊሎቹ ፓምፖች ናቸው፤ በሁለተኛው ቀን ከቀሩት ሌሎች ይጨመራሉ። ሰውነት ደግሞ በየቀኑ አዳዲስ ፓምፖች ይሠራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሙሉ ኀይሉን የሚያሳየው ከሦስት እስከ አምስት ቀን በተከታታይ ሲወሰድ ነው። ቃር በመጣ ሰዓት አንድ መዋጥና ወዲያው ማስታገስ መጠበቅ የዚህ መድኃኒት ጠባይ አይደለም፤ ለዚያስ የሚታኘከው ይሻላል።

በዚህ ላይ እኛን የሚነካ አንድ ነገር አለ። ኦሜፕራዞልን በጉበት ውስጥ የሚሰባብር ኢንዛይም በአንዳንድ ሰው ዘንድ እጅግ ፈጣን ነው፤ በትውልድ የሚወረስ ነው። በ2006 የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት ይህን የሚያፋጥነውን የጂን ዓይነት ሲቈጥር፤ በኢትዮጵያውያንም በስዊድናውያንም ከመቶ የጂን ቅጂ 18ቱ፥ በቻይናውያን ግን 4ቱ ብቻ ሆኖ አገኘው። እንግዲህ በሰዓቱ እየወሰደ የማይሻለው ሰው «ውሸታም» ወይም «በሽታው ከሐሳብ ነው» ሊባል አይገባውም፤ ምናልባት ጉበቱ ቸኳይ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምርለት ወይም በዚህ ኢንዛይም ላይ ብዙ ወደማይመካው ወደ ራቤፕራዞል ሊለውጥለት ይችላል።

እኔን በመጨረሻ ያዩኝ ሐኪም በአፌ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ተመለከቱ። ደስ የሚል ነገር ነው አልልም፤ የሚፈራውን ያህል ግን አይደለም። ቁስሉን የሚመድቡት በአራት ፊደል ነው፤ በ1994 በሎስ አንጀለስ በተደረገ ጉባኤ የቀረበ አከፋፈል ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ መላላጥ «ኤ»፥ ከዚያ የረዘመ «ቢ»፥ ከአንዱ እጥፋት ወደ ሌላው የተሻገረ «ሲ»፥ የቧንቧውን ዙሪያ ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ የያዘ «ዲ» ይባላል። የኔ «ቢ» ነበር። የታዘዘልኝም ያው የማውቀው ካፕሱል ነው፤ ልዩነቱ ከቁርስ በፊት፥ በየቀኑ፥ ለስምንት ሳምንት መሆኑ ነው። በዚህ ዓይነት ከሚታከሙት አብዛኞቹ፤ ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚሆኑት፤ ቁስላቸው ይሽራል። ሕመሙ በሁለተኛው ሳምንት ቢጠፋም ቁስሉ ገና ነው፤ እኔ ከዚህ በፊት በሦስተኛው ሳምንት እየተውሁ የምመለስበት ምክንያት አንዱ ይህ ነበር።

ሌላው ምክንያት ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነው። አሲዱ ለሳምንታት ሲታፈን ሰውነት «ምነው ጐደለ?» ብሎ ጋስትሪኑን ያበዛል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም የበዛው ጋስትሪን ያልታሰረውን ፓምፕ ሁሉ ያሠራዋል፤ አሲዱ ከቀድሞው ይበልጣል። በዴንማርክ 120 ጤነኞች፤ አዎን፥ ቃር የማያውቁ ጤነኞች፤ ተመርጠው ለግማሾቹ ስምንት ሳምንት ኢሶሜፕራዞል፥ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው። በ2009 በታተመው ውጤት፤ መድኃኒቱን ካቆሙት ውስጥ ከመቶ 44ቱ በሚከተሉት አራት ሳምንታት ቃርና መሰል ሕመም ተሰማቸው፤ ከሌሎቹ ግን ከመቶ 15ቱ ብቻ። ስለዚህ ካቆሙ በኋላ የሚመጣ ቃር ሁሉ በሽታው ተመለሰ ማለት አይደለም። ብዙ ሐኪሞች ረዥም ጊዜ የወሰደውን ሰው ቀስ እያሉ ያስተዉታል፤ በመሐሉ የሚመጣውን ቃር በሚታኘከው ያሳልፈዋል። ቁስሉ «ሲ» ወይም «ዲ» የነበረ ሰው ግን ከናካቴው መተው ላይሆንለት ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ጉዳት በመኝታ ቤት የሚወራው ብዙ ነው፤ ኩላሊት ያጠፋል፥ አጥንት ይሰብራል፥ ያጃጅላል ይባላል። የአሜሪካው ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2010 ስለ አጥንት መሰበር፥ በ2011 ስለ ማግኒዝየም ማነስ፥ በ2012 ስለ አንድ ብርቱ የአንጀት ተቅማጥ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱ እውነት ነው። ቫይታሚን ቢ 12ም በረዥም ጊዜ ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን ከማስጠንቀቂያዎቹ ብዙዎቹ የተመሠረቱት መድኃኒቱን የሚወስዱትን ከማይወስዱት ጋር በማስተያየት ነው፤ የሚወስዱት ደግሞ ቀድሞውኑ በሽተኞች ናቸው። በ2019 የታተመ ትልቅ ሙከራ 17,598 የልብና የደም ሥር ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ፓንቶፕራዞል፥ ለሁለተኛው የማስመሰያ እንክብል እየሰጠ ሦስት ዓመት ያህል ተከታተላቸው። ግልጽ ሆኖ የታየው ልዩነት የአንጀት ተላላፊ በሽታ ነበር፤ ከመቶ 1.4 በ1.0። ልዩነቱ ትንሽ ነው። እኔ ግን ለኛ አገር ትንሽ ነው ብዬ አላልፈውም፤ የጨጓራ አሲድ የተበከለ ውሃና ያልበሰለ ምግብ ይዘውት የሚመጡትን ተዋሲያን የሚገድል የመጀመሪያው ምሽግ ነውና። ምሽጉን ያላላ ሰው ቢያንስ ውሃውን ይምረጥ። ደግሞም ለልብ ወይም ለአንጐል ደም ሥር ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ዘመድ ያለው ሰው፤ ኦሜፕራዞል የዚያን መድኃኒት ኀይል ስለሚቀንስ፤ ለሐኪም ሳይነገር እንዳይጨመርበት ያስጠንቅቅ።

ከፍርሃቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ካፕሱሉ ሌላ በሽታ መሸፈኑ። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1982 ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ አውጥተው አሳደጉት፤ ማርሻል በ1984 ራሱ ጠጥቶት ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ይህ ባክቴሪያ በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ነው፤ የጨጓራና የትንሹ አንጀት መግቢያ ቁስል ዋናው መነሻም እርሱ ነው። የሚድነው ከካፕሱሉ ጋር በሚሰጡ አንቲባዮቲኮች እንጂ በካፕሱሉ ብቻ አይደለም። ካፕሱሉን እየወሰዱ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ቢመረመሩ ደግሞ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት መተው ያስፈልጋል።

ወጣት ሆኖ የምግብ ቧንቧው የሚቈስል ሰው ደግሞ ሌላም ሊሆን ይችላል። ዶክሲሳይክሊንን የመሰለ ካፕሱል በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ ወዲያው የሚጋደም ሰው፤ ካፕሱሉ ከቧንቧው ላይ ተጣብቆ ሊያቈስለው ይችላል። ሙሉ ብርጭቆ ውሃና ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ መከላከያው ነው።

የሚዋጥ ምግብ መታነቅ፥ ሳይፈልጉ መክሳት፥ ደም ማስመለስ፥ እንደ ሬንጅ የጠቈረ ሰገራ፥ የደም ማነስ፤ ከነዚህ አንዱ የታየበት ሰው ካፕሱል መግዛቱን ትቶ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የደረት ሕመሙ እንደ ጭነት ሆኖ ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ፥ የሚያልብ ከሆነ ልብ ነው ተብሎ ይጠርጠር እንጂ ቃር ነው ተብሎ አይታደር። ይኸንን የምጽፈው ሳልነካ አይደለም። አንድ የአርሲ ዘመዴ በመጀመሪያ እንጀራ፥ በኋላ ገንፎ፥ በመጨረሻ ውሃ አልወርድ እያለው ስድስት ወር ሙሉ «ጨጓራ ነው» እየተባለ በመንደር መድኃኒት ተይዞ ቈየ። ሲመረመር የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነበር፤ ጊዜውም አልፎ ነበር። አርሲና ባሌ ይህ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው ከምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች መካከል ናቸው። እዚያ የሚበዛው ዓይነት በአሲድ ምክንያት ከሚመጣው የተለየ ነው፤ ምንጩም ገና በጥናት ላይ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ግን በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድቦታል። ቡናችንን እንተው አልልም፤ ትንሽ ይብረድ። ዘመዴም ገና ገንፎው ሲያንቀው ቢመረመር ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ሐሳብ ቤተሰባችን እስከ ዛሬ አልተወውም።

ለቀረነው፤ ለተራው ባለ ቃር፤ መድኃኒቱን የሚያግዙ ሦስት ነገሮች አሉ። ከመኝታ በፊት ሦስት ሰዓት ያህል አለመብላት፤ ውፍረት ያለበት መቀነስ፤ ማታ ማታ በግራ ጐን መተኛት። ጨጓራው ወደ ግራ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ በግራ ሲተኙ የአሲዱ ኩሬ ከበሩ በታች ይቀራል፤ በቀኝ ሲሆን ግን በሩ ይጠልቃል። አራተኛው የአልጋን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ትራስ መደራረብ አይረዳም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል።

እኔም ከግንበኞች ጡብ ለምኜ በአልጋዬ ራስጌ እግሮች ሥር አስገብቼአለሁ። አልጋው ተደራራቢ በመሆኑ ምክንያት ከላይ የሚተኛው ጓደኛዬ ምንም ሳይታመም ከኔ ጋር ዘንበል ብሎ ያድራል። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ግርጌ ተንሸራተትሁ ብሎ ብዙ አጕረመረመ። አሁን ለምዶታል፤ ሳምቡሳውንም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መብላት ጀምሯል።